ጋሪ ከመግዛትዎ በፊት፦ ስለ ጎዳና ምግብ ንግድ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በመንገድ ዳር ምግብ ስለመሸጥ ከደረሱን ጥያቄዎች ዘጠኙን በዚህ እትም መልሰናል። ክፍያው፣ ርቀቱና የቅጹ ዓይነት ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ የከተማዎን ደንብ ከማዘጋጃ ቤቱ ወስደው ከምንለው ጋር ያስተያዩት። ከደንቡ ጀርባ ያለው ምክንያት ግን የትም ቦታ ያው ነው፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ተቆጣጣሪ ሲመጣ አይደናገጥም።

ጥያቄ፦ ቁርስና ምሳ በጋሪ ልሸጥ አስቤያለሁ። አንዱ ቢሮ ንግድ ፈቃድ አውጪ ይለኛል፣ ሌላው መጀመሪያ የጤና ማረጋገጫ አምጪ ይላል፣ ሦስተኛው ቦታ ሳይኖርሽ ምንም አይሠራልሽም አለኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሦስቱም ቢሮዎች ትክክል ናቸው፤ የሚጠይቁዎት ግን የተለያየ ነገር ነው። ንግድ ፈቃዱ የሚነግደው ማን እንደሆነና ግብሩን ማን እንደሚከፍል ይመዘግባል። የቦታ ፈቃዱ ከሕዝብ መንገድ የትኛውን ቁራሽ፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚይዙ ይወስናል። የጤናው የብቃት ማረጋገጫ ምን ዓይነት ምግብ፣ የት ተዘጋጅቶ፣ በምን ዕቃ እንደሚሸጥ ይመለከታል። አንዱን መያዝ ከሌላው ነፃ አያደርግም።

መነሻዎ የምግብ ዝርዝርዎ ይሁን። የታሸገ ብስኩት፣ ያልተላጠ ፍራፍሬ ወይም የተቆላ ለውዝ የሚሸጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀላሉ ምድብ ውስጥ ይገባል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የተቀቀለ ሩዝና ጥራጥሬ ወይም የተከተፈ ሰላጣ ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል፤ እነዚህ እርጥበትም ለባክቴሪያ የሚሆን ምግብም ስላላቸው እጅ መታጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ፣ የሙቀት መጠበቂያና የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ይጠየቅባቸዋል። አንዳንዴ ከዝርዝሩ አንድ ምግብ ብቻ ማውጣት ማቀዝቀዣውን በሙሉ ያስቀራል። ስለዚህ የሚሸጡትን ሁሉ፣ ማባያውንና መጠጡን ሳይቀር በወረቀት ይጻፉ፤ በየአንዳንዱ ፊት ለፊት የት እንደሚበስልና በጋሪው ላይ ምን እንደሚደረግበት ያስፍሩ።

ቀጥሎ የማዘጋጃ ቦታውን ይጨርሱ። በርካታ ከተሞች በመኖሪያ ቤት ማእድ ቤት የበሰለ ምግብ ጎዳና ላይ እንዲሸጥ አይፈቅዱም፤ የተመረመረ የጋራ ማእድ ቤት እንደሚጠቀሙ የሚገልጽ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ከዚያ የጋሪውን ንድፍ በእጅም ቢሆን ከነልኩ ስለው ለጤና ቢሮው ያሳዩ። የጤና ምርመራውና የምግብ አያያዝ ሥልጠናው ጋሪው እየተሠራ ሳለ ሊያልቅ ይችላል። የቦታ ማመልከቻው ከሁሉም የሚዘገየው ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን ይሂድ።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ጋሪ አስቀድሞ በመግዛት ነው። ምርመራ ከሚያስወድቁት ጉድለቶች አንዱ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ማነስ ነው። የአሜሪካ የምግብ ደንብ የፍሳሽ ታንከሩ ከንጹህ ውሃው ታንከር ቢያንስ 15 በመቶ እንዲበልጥ ያዛል፤ 40 ሊትር ንጹህ ውሃ ከያዙ ፍሳሹ 46 ሊትር የሚችል ይሁን ማለት ነው። ወደ ፍሳሹ የሚወርደው ንጹሁ ውሃ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ የሾርባ ትርፍ፣ የቀለጠ በረዶና ሳሙና አብረው ይገባሉ፣ ታንከሩም ከምሽቱ በፊት ሞልቶ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ሌላው ጉድለት የሥራ ገበታው ጣውላ መሆኑ ነው። ጣውላ ቅባትና ደም ይመጥጣል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ደግሞ ብሩሽ አያወጣውም። ዝገት የማይዝ ብረት ያድርጉት፣ መጋጠሚያውም ለስላሳ ይሁን።

ጥያቄ፦ ዘመዴ ፈቃድ አለው፣ አሁን ግን አይሠራበትም። ተከራይቼው ብሠራ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አያድርጉት። ፈቃዱ የተሰጠው ለሰውየው ነው፤ ምግብዎ ሰው ቢያሳምም ተጠያቂው እርሱ ይሆናል፣ እርስዎ ደግሞ ስንት ዓመት ቢሠሩ በስምዎ አንድም መዝገብ አይኖርዎትም። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የምግብ ጋሪ ፈቃድ በቁጥር ተገድቦ ስለቆየ ባለፈቃዶቹ ለከተማው ከሚከፍሉት በብዙ እጥፍ ለሌላ ያከራዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ ያመጣው አዲሱ ፈቃድ ባለቤቱ ራሱ ጋሪው ላይ እንዲገኝ ያስገድዳል። ለእርስዎ የሚሻለው በረዳትነት በስምዎ መመዝገብና የራስዎን ማመልከቻ ወረፋ ማስያዝ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ዋና መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ሰው አይጠፋም። ቦታውን ሁለት ጊዜ ጠይቄ ተከለከልኩ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ባዶ ቦታ ለምን ይከለከላል?

መልስ፦ ምክንያቱ ሊነገርዎት ይገባ ነበር፤ በጽሑፍ የመጠየቅ መብትዎን ይጠቀሙ። ጥግ ግን የትም ከተማ አስቸጋሪ ነው። እግረኛ ማቋረጫው አፍ ላይ ጋሪ ሲቆም ሾፌሩና የሚሻገረው ሰው አይተያዩም፤ ከጋሪው ጀርባ ብቅ የሚል ሕፃን ደግሞ ጭራሽ አይታይም። የኒውዮርክ ደንብ ጋሪ ከማቋረጫ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ያህል፣ ከሕንፃ መግቢያ ደግሞ 20 ጫማ ወይም 6 ሜትር ያህል እንዲርቅ የሚያዘው ለዚህና ለእሳት አደጋ ጊዜ መውጫ ነው። የእርስዎ ከተማ ቁጥር የተለየ ሊሆን ይችላል፤ የሚለካው ግን ከእነዚሁ ነገሮች ነው፦ ከማቋረጫ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከሕንፃ በር፣ ከእሳት አደጋ የውሃ መውሰጃ፣ ከትምህርት ቤት በር።

አሁን ሜትር ይዘው ወደ ቦታው ይሂዱ። ባዶ የመሰለዎት መንገድ ባዶ የሆነው እርስዎና ደንበኞችዎ ገና ስላልቆሙበት ነው። የጋሪው ወርድ 1 ሜትር ይሁን። እርስዎ የሚቆሙበት 70 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል። ከፊት የሚቆም ደንበኛ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። ይህ 2.5 ሜትር ሆነ። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ሳይነካኩ እንዲተላለፉ 1.8 ሜትር ያህል ካስቀሩ የእግረኛ መንገዱ ስፋት ከ4.3 ሜትር ማነስ የለበትም። የመብራት ምሰሶ፣ የዛፍ ሥርና የቆሻሻ ገንዳ ካለ ከስፋቱ ይቀነሳሉ። ብዙ አመልካቾች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጋሪውን ለክተው ሰልፉን ይረሳሉ። ሰልፉ በመንገዱ ርዝመት እንዲሄድ እንጂ መንገዱን እንዳያቋርጥ የሚቆምበትን መስመር በንድፉ ላይ ያሳዩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲያመለክቱ ከጥጉ 15 ወይም 20 ሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ። የሚያልፈው ሰው ያው ነው፣ የመከልከያው ምክንያት ግን አብዛኛው ይቀራል። ከማመልከቻው ጋር ልኬት ያለው ንድፍና የቦታውን የጠዋት፣ የቀትርና የማታ ፎቶ አያይዙ። ከመወሰንዎ በፊት ሌላም ይፈትሹ፦ በእግር በቅርብ የሚደረስ መጸዳጃ ቤት አለ? ባለቤቱ እንዲጠቀሙ በጽሑፍ ይፈቅዳል? ክፍት ቦይ ወይም የቆሻሻ ክምር አጠገብ ነው? ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ የሚያርፈው ምግቡ ላይ ነው ወይስ ጀርባው ላይ? በጋዝ የሚያበስሉ ከሆነ ሲሊንደሩን ደንበኛ በሌለበት ጎን፣ ቀጥ አድርገውና አስረው ያቁሙ፤ ጠዋት ጠዋት የጋዝ ማስተላለፊያ ጎማውንና መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ። አረፋው ካበጠ ጋዝ እየወጣ ነውና አይለኩሱ።

ጥያቄ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የቀቀልኩትን ሩዝና ወጥ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት እሸጣለሁ። ተቆጣጣሪው ሙቀት ለክቶ «ይህ ይደፋል» አለኝ። ምግቡ አልሸተተም፣ አልኮመጠጠም። ለምን?

መልስ፦ የሚያሳምም ባክቴሪያ ምግቡ እንዲሸት ላያደርግ ይችላል፤ አሳሳቢነቱም እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ምክርም በዚህ ላይ ይቆማል፦ ምግቡ መሃሉ 70 ዲግሪ እስኪደርስ ይብሰል፣ ከዚያ ከ60 በላይ ይቆይ ወይም ከ5 በታች ይቀዝቅዝ፣ ያለ ሙቀትም ያለ ቅዝቃዜም ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ።

ሩዝ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባሲለስ ሴርየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘር መሰል ቅርፊት ስላለው መቀቀል አይገድለውም። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ቅርፊቱ ይፈነዳል፣ ባክቴሪያው ይራባል፣ የሚያስታውክ መርዝም ያመነጫል። መርዙ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ መልሶ ማፍላት አያጠፋውም። በትልቅ ድስት የተሠራ ወጥ ደግሞ ክሎስትሪድየም ፐርፍሪንጀንስ ለሚባል ሌላ ባክቴሪያ ይመቸዋል፤ አየር የማይደርስበትንና ቀስ እያለ የሚቀዘቅዘውን የድስቱን መሃል ይወዳል።

ድስቱን ከተቆጣጣሪው በፊት ራስዎ ይለኩት። መለኪያውን ከእሳቱ አጠገብ ሳይሆን መሃሉ ላይ ይስደዱ፤ ከጠርዙ 75 ያነበበ ድስት መሃሉና ላዩ 50 ሊሆን ይችላል። በየግማሽ ሰዓቱ ከሥር እስከ ላይ ያማስሉ፣ ክዳኑን ጭልፋ በሚያስገቡበት ጊዜ ብቻ ይክፈቱ። ከ60 በታች ከወረደና 2 ሰዓት ካላለፈው ወዲያው በጠንካራ እሳት ከ74 በላይ ያድርሱት፤ ካለፈው ይደፉት። የሞቀ ውሃ ላይ የሚቀመጠው የማቆያ ትሪ ምግብ ለማሞቅ አልተሠራም፤ ቀዝቃዛ ወጥ እዚያ ላይ ቢያደርጉ አደገኛውን ሙቀት ለማለፍ ሰዓታት ይወስድበታል። የማለዳው ድስት ሲጎድል አዲሱን አይደርቡበት። የቀደመው ባክቴሪያ ለአዲሱ ይተላለፋል፣ ድስቱ መቼ እንደበሰለም ማወቅ ያስቸግራል።

ለእርስዎ የሚስማማው በሁለት ዙር ማብሰል ነው፤ አንዱ ለቁርስ፣ ሌላው ለምሳ፣ ሁለቱም በትንሽ ድስት። የተረፈ ወጥ ለነገ ማቆየት ካለብዎት ከ5 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት ሰፊ ትሪ ላይ ይዘርጉት፣ ትሪውን በረዶ ባለበት ውሃ ላይ ያድርጉት፤ በ2 ሰዓት ውስጥ 21 ዲግሪ፣ በቀጣዩ 4 ሰዓት ውስጥ 5 ዲግሪ ይድረስ። ሙሉ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት አይጠቅምም፤ መሃሉ እስከ ንጋት ለብ ብሎ ያድራል፣ አጠገቡ ያለውንም ያሞቀዋል። የተረፈውን ሩዝ ግን ይተውት።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ቴርሞሜትር የፈላ ውሃ ውስጥ 93 ያሳያል። ተበላሽቷል?

መልስ፦ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ የሚኖሩ ከሆነ ትክክል ነው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ እዚያ 93 ገደማ ላይ ይፈላል። መለኪያን ለመፈተን በረዶ ይሻላል፤ ከፍታ አይነካውም ማለት ይቻላል። ብርጭቆ በተፈጨ በረዶ ይሙሉ፣ ክፍተቱን ብቻ ውሃ ይጨምሩበት፣ የመለኪያው ጫፍ ብርጭቆውን ሳይነካ አንድ ደቂቃ ያማስሉ። 0 ማንበብ አለበት። 2 ቢያነብ ማስተካከያ ከሌለው ሁልጊዜ 2 እየቀነሱ ያንብቡ፤ ከዚያ በላይ ከተሳሳተ ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይዤ እወጣለሁ። «አይበቃም» ተባልኩ። ስንት ያስፈልገኛል? በረኪና ስንት ይጨመርበታል?

መልስ፦ አብረን እናስላው። እጅን በሳሙና በሚገባ ለመታጠብ ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ይሄዳል። ጥሬ ሥጋ ወይም እንቁላል ከነኩ፣ ከመጸዳጃ ቤት ከተመለሱ፣ ገንዘብ ከተቀበሉ፣ ቆሻሻ ካነሡ በኋላ ቢታጠቡ በ8 ሰዓት ሥራ ከ20 ጊዜ አያንስም። 20 ሊትሩ በእጅ ብቻ አለቀ። ሳህን የሚያጥቡ ከሆነ ሦስት ገንዳ ያስፈልጋል፤ ለማጠቢያ፣ ለማለቅለቂያና ለጀርም መግደያ። በየገንዳው 10 ሊትር አድርገው በቀን አንዴ ብቻ ቢቀይሩት 60 ሊትር ይሆናል፤ ለማብሰያና ለመጠጥ የሚሆነው ለብቻው ነው። በአንድ ባልዲ ውሃ የአርባ ሰው ሳህን ሲለቀለቅ የአንዱ በሽታ ለሁሉም ይዳረሳል። ውሃ ማመላለስ ከከበደዎት በቂ የታጠበ ሳህን ከማእድ ቤትዎ ይዘው ይውጡ፣ ያገለገለውን ሳያጥቡ በክዳን ዕቃ ሰብስበው ይመልሱ።

ጀሪካኑ የቧንቧ አፍ ይኑረው። ኩባያ የሚጠለቅበት ዕቃ በመጀመሪያው ሰዓት ይበከላል።

ስለ በረኪናው፦ ሽቶ የሌለውንና ጥንካሬው 5 በመቶ የተጻፈበትን ይግዙ። ጥርት ላለ የመጠጥ ውሃ በ1 ሊትር 2 ጠብታ፣ ለ20 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ 30 ደቂቃ ይቆይ። የደፈረሰውን መጀመሪያ በንጹህ ጨርቅ ያጥልሉ፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል። ለታጠበ ዕቃና ለሥራ ገበታ መጠኑ ሌላ ነው፤ በ1 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር፣ ለ10 ሊትር ገንዳ 20 ሚሊ ሊትር። በክዳን መገመት ስለሚያሳስት መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይጠቀሙ። ዕቃው ቅባቱ ከለቀቀ በኋላ ለ1 ደቂቃ ይነከር፣ ከዚያ በጨርቅ ሳይወለወል በራሱ ይድረቅ። ውሃው ሲደፈርስ ወይም አረፋ ሲይዝ ይቀየር። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ የማጽጃ ኬሚካል ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ጥያቄ፦ ጓንት አድርጌ እሠራለሁ፤ ተቆጣጣሪዋ ግን ነጥብ ቀነሰችብኝ። ንጽሕና ጠብቄ እንዴት?

መልስ፦ ምናልባት በዚያው ጓንት ገንዘብ ተቀብለው ይሆናል። ጓንት የለበሰ ሰው እጁ መቆሸሹ አይሰማውም፤ ስለዚህ ባዶ እጁን ከሚሠራው ሰው ያነሰ ይታጠባል። ገንዘብ የሚቀበል ሁለተኛ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፤ ከሌለ የበሰለ ምግብ በመቆንጠጫ ወይም በጭልፋ ብቻ ይነሣ። እጅዎ ላይ ቁስል ካለ በውሃ የማይርስ ፕላስተር፣ ከላዩ ጓንት ያድርጉ። ቁስልና አፍንጫ ውስጥ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝም በማሞቅ አይጠፋም። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለብዎት ከቆመ በኋላም ቢያንስ ሁለት ቀን ምግብ አይንኩ።

ጥያቄ፦ ደንብ አስከባሪዎች ጋሪዬን ከነምግቡ ጭነው ወሰዱ፣ ደረሰኝ አልሰጡኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በዚያው ቀን የተወሰደውን በዓይነትና በብዛት ዘርዝረው ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ አንዱን አስገብተው በሌላው ላይ ማኅተምና ቀን ያስደርጉ። ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያዩ ሰዎችን ያካትቱ። ስምዎና የፈቃድ ቁጥርዎ ያለበት የጋሪው ፎቶ ካለ እጅግ ይጠቅማል፤ ከሌለዎት ለወደፊቱ አሁኑኑ ያንሡ።

ያለ ዝርዝር ወረቀት ዕቃ መውሰድ ልክ እንዳልሆነ በሕግ ያሰፈሩ አገሮች አሉ። የሕንድ የጎዳና ነጋዴዎች ሕግ (እ.ኤ.አ. 2014) የተያዘ ዕቃ ተዘርዝሮ ግልባጩ ለባለቤቱ እንዲሰጥ ያዛል፤ ባለቤቱ ሲጠይቅ የማይበላሸው በ2 የሥራ ቀን ውስጥ፣ የሚበላሸው በዚያው ቀን መመለስ አለበት። ከቦታ ለማንሣትም የ30 ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃል። የከተማዎ ደንብ ተመሳሳይ አንቀጽ ካለው በማመልከቻዎ ላይ ቁጥሩን ይጥቀሱ። የበሰለው ምግብ ቢመለስልዎት ግን፣ ኪሳራው እንደሚያም እናውቃለን፣ አይሽጡት፤ በመጋዘኑ ውስጥ ምን ያህል እንደቀዘቀዘና ማን እንደነካው ማወቅ አይቻልም።

ጥያቄ፦ በማዘጋጃ ቤት እሠራለሁ። ከ40 በላይ ምግብ ሻጮችን ከዋና መንገድ ወደ አንድ ክፍት ሜዳ ልናዛውር ነው። ምን ይሟላ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሜዳው ሰው ከሚያልፍበት ምን ያህል እንደሚርቅ በእግርዎ ሄደው ይዩ። ደንበኛ የማይደርስበት ቦታ በወራት ውስጥ ባዶውን ይቀራል፣ ሻጮቹም ወደ መንገዱ ይመለሳሉ፤ ጥፋቱም የእነርሱ አይሆንም። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሻጮቿን መዝግባ እስከ 1986 ድረስ ወደተሠሩ ማእከላት ስታስገባ ቧንቧ፣ ፍሳሽና መብራት አስቀድማ ዘርግታ ነበር፤ ብዙዎቹ ማእከላትም በመኖሪያ ሰፈሮች መሃል ነበሩ። የዚያው የጎዳና ምግብ ባህል እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል።

በንድፉ ላይ ከመወሰናችሁ በፊት ሻጮቹን አስገቡ። ከላይ የጠቀስነው የሕንድ ሕግ በከተማው የሻጮች ኮሚቴ ውስጥ ቢያንስ 40 በመቶው ነጋዴዎች፣ ከእነርሱም ሲሶው ሴቶች እንዲሆኑ ያዛል። ቧንቧ የት እንደሚሻል፣ ሰልፍ ወዴት እንደሚያድግ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው የት እንደሚያቁር በቀላሉ የሚነግሯችሁ እነርሱ ናቸው።

ከዚያ ውሃው ይቅደም። ሻጩ ጋሪውን ትቶ ሩቅ የሚሄድ ከሆነ እጁን አይታጠብም፤ ቧንቧው ከእያንዳንዱ ጋሪ በጥቂት እርምጃ ይገኝ። ፍሳሹ ወደ ዋናው ቦይ ከመግባቱ በፊት ቅባት መያዣ ጉድጓድ ይኑረው፣ ማን በየስንት ቀኑ እንደሚያጸዳውም በውሉ ይጻፍ፤ ካልተጸዳ ቅባቱ ረግቶ ቧንቧውን ይደፍናል፣ መጀመሪያ የሚጥለቀለቀውም ዝቅ ያለው ረድፍ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ከምግቡ ራቅ ብሎ፣ ሳሙናና ውሃ ከበሩ ላይ ይኑረው። ጥሬ ሥጋ የሚሸጡትን ከበሰለ ምግብ ሻጮች ለዩ። በረድፎቹ መካከል የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ይቅር። ሁሉንም በአንድ ቀን አዛውሩ፤ ግማሾቹ መንገድ ላይ ከቀሩ ደንበኛው እዚያው ይቀራል፣ ሕግ አክብሮ የገባው ሻጭ ይከስራል።

የቁጥጥር ሠራተኞቻችሁን ደግሞ በምሳ ሰዓት ላኩ። ማለዳ ላይ ሁሉም ጋሪ ንጹህ ነው፤ የውሃው ማለቅ፣ የድስቱ መቀዝቀዝና የጨርቁ መቆሸሽ የሚታየው ሰልፉ ሲረዝም ነው።